«ሹርሊ» ያቀዘቀዘው ደንበኛ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ከውጭ ገዢዎች ጋር የምጻጻፈው እኔ ነኝ፤ ሥራውን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለንደን ያለ አንድ ደንበኛችን ሁልጊዜ ‹ሃይ› ብሎ በስሜ ጠርቶኝ፣ ስለ ዝናባቸውም አንድ ነገር ጣል አድርጎ ነበር የሚጽፍልኝ። በቅርቡ የይርጋጨፌ ናሙና ልከንለት መልሱ ሲዘገይብኝ ‹ሹርሊ ዩ ሃቭ ሪሲቭድ አወር ሳምፕል› ብዬ ጻፍኩለት። በእርግጥ ደርሶሃል ማለቴ ነበር። የመጣልኝ አንድ መስመር ነው፤ ‹አልደረሰንም፣ እባክሽ አጣሪ›። ‹ሃይ› ቀርቶ ‹ዲር ሚስ› ሆኛለሁ። ቀጥሎ መርከቡ ሐሙስ ይነሣ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ስላላረጋገጥኩ ‹አይ ሰርተንሊ ዶንት ኖው› አልኩት። ይሄኛውም እንዳልጣመው ገባኝ። ለማለሳለስ ብዬ ‹ዊ ዊል ሹርሊ ሺፕ ኢን ማርች› አልኩና ዝም አለኝ። አለቃዬ መዝገበ ቃላት አውጥተው ‹ሹርሊ ማለት በእርግጥ ነው፣ ምንም አላጠፋሽም› ብለውኛል። ታዲያ ሰውዬውን ምን ነካው? ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከቃሊቲ።»

እህቴ ግራ የገባሽ፣

አለቃሽ አልተሳሳቱም፤ መዝገበ ቃላቱ እንዲያ ይላል። ሰውዬውም በከንቱ አልቀዘቀዘም። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ለንደን ሲደርስ የተነበበው እንዲህ ሆኖ ነው፦ «መቼም ናሙናው ደርሷችኋል!»

እስቲ ይህችን በራስሽ ጆሮ ስሚያት። አክስትሽ ከአገር ቤት ደውለው «መቼም የላክሁልሽ በርበሬ ደርሶሻል» ቢሉሽ ምን ትያለሽ? ባይደርስሽ እንኳ «አልደረሰኝም» ብለሽ አታቆሚም። «ኧረ እትዬ፣ ደርሶኝማ ዝም እላለሁ?» ትያለሽ። ማንም ሳይከስሽ ራስሽን መከላከል ትጀምሪያለሽ። ምክንያቱም «መቼም» ውስጥ «ደርሶሽ ሳለ ዝም ብለሽኛል» የምትል ትንሽ እሾህ ተሸጉጣለች። እሾኋ ለንደን ላይ ወጋች። ሰውዬውም ራሱን ተከላከለ፤ ፈረንጅ ስለሆነ ግን በአንድ መስመር ተከላከለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ነገሩ ይገርማል እንጂ «ሹርሊ» በዛሬው እንግሊዝኛ እርግጠኛ የሆነ ሰው ቃል አይደለም። እርግጠኛ የሆነ ሰው ያወቀውን ተናግሮ ያበቃል። «ሹርሊ» የሚለው፣ ነገሩ እንዲያ መሆኑን በልቡ ያመነ፣ ማስረጃው ግን በእጁ የሌለ፣ ስለዚህም «አዎ» የምትለውን ቃል ከሌላው አፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ውይይት ሲተላለፍ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። የተቃዋሚ ወንበር ላይ ያለው እንደራሴ ተነሥቶ ሚኒስትሩን ሊወጋ ሲፈልግ «ሹርሊ ዘ ሚኒስተር…» ብሎ ይጀምራል። «መቼም ክቡር ሚኒስትሩ ይህ እንደማያዋጣ አይጠፋቸውም» እንደማለት ነው። ሚኒስትሩ እሺ ቢሉ ተሸነፉ፣ እምቢ ቢሉ ደግሞ ግልጹን ነገር ያላዩ ሞኝ ሆኑ። አንቺም ሳታስቢው ደንበኛሽን እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጥሽው። ይኸው ቃል «ኖት» ሲከተለው፣ «ሹርሊ ኖት!» ሲሉ፣ ትርጉሙ «በእርግጥ አይደለም» አይደለም፤ «ኧረ አይደረግም! እውነትሽን ነው?» ነው። ግራ መጋባት እንጂ እርግጠኝነት የለበትም።

ታዲያ መዝገበ ቃላቱ ከየት አመጣው? ከጥንቱ ነው። ቃሉ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ «ሥጋት የሌለበት» ማለት ነው። በየሕንፃው በር ላይ ቦርሳሽን የሚፈትሸው «ሴኩሪቲ» ሥጋ ዘመዱ ነው፤ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በድሮው እንግሊዝኛ «ሹርሊ» ሙሉ ጉልበት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የእንግሊዞቹን መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጪ፣ ኦሪት ዘፍጥረት 2፥17 ላይ አዳም ስለ ዛፉ ሲነገረው «ዛው ሻልት ሹርሊ ዳይ» ይላል። እዚያ «መቼም ትሞታለህ» አይደለም፣ ቁርጥ ነው። የዕብራይስጡ ጸሐፊ ቁርጥነቱን ያሳየው ግሱን ደግሞ ነው፤ «ሞት ታሙት» ይላል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ አሠራር ስለሌለው ተርጓሚዎቹ «ሹርሊ» ብለው ሸፈኑት። የእኛው መጽሐፍ ግን መሸፈኛ አላስፈለገውም፤ «ሞትን ትሞታለህ» ብሎ እንዳለ አስቀመጠው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የችግርሽ ሥር እዚህ ነው። አማርኛ እርግጠኝነትን የሚያስቀምጠው ግሱ ላይና የግሱ ጭራ ላይ ነው። ናሙናውን ስለመላክሽ ጥርጥር ከሌለሽ ለባልደረባሽ «በእርግጥ ልከናል» አትያትም። «መላኩንማ ልከናል» ትያታለሽ፤ ወይም «ልከናል እንጂ!»፤ ወይም «እንዴታ!»። «ማ» እና «እንጂ» የሚሸከሙት ሸክም እንግሊዝኛ ውስጥ በሌላ ቃልና በድምፅ ላይ ይወድቃል። እኛ ጭራውን ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ስለማንችል ያልነበረ «በእርግጥ» እንፈጥርና መዝገበ ቃላት ውስጥ ጓደኛ እንፈልግለታለን። ራሱ «በእርግጥ»ም እኮ በዕለት ንግግራችን ውስጥ ሌላ ሥራ አለው። «በእርግጥ ቡናው ጥሩ ነው» ያለሽ ቀማሽ ላይ ምን ትጠብቂያለሽ? «ግን» ትጠብቂያለሽ! ዋጋው ሊቀነስ ነው። ስለዚህ «በእርግጥ»ን እንደ ድንጋይ የጸና አድርገሽ አትመኝው፤ ግማሽ ዕድሜውን ለ«ግን» መንገድ ሲጠርግ ነው የሚኖረው።

እኔ «ሹርሊ»ን የምፈትንበት መንገድ ቀላል ነው። እንግሊዝኛው ላይ ልጽፈው ስል ቦታው ላይ «መቼም» አድርጌ በአማርኛ አነበዋለሁ። ያ ዓረፍተ ነገር ላንቺ ቢጻፍልሽ ቅር የማይልሽ ከሆነ ጻፊው። ለምሳሌ ጓደኛሽ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግር ልትሄድ ብትነሣ «ሹርሊ ዩ አር ኖት ዎኪንግ!» ማለት ያምራል፤ «መቼም በእግርሽ አትሄጂም!» ነው። ቅርበት አለበት፣ ሣቅ አለበት። መፈተኛው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል። ከአማርኛ ተነሥተሽ «መቼም» ያለበት ሁሉ «ሹርሊ» ነው ብለሽ አትገስግሺ። «መቼም የሆነው ሆኗል» ስንል ወይም «መቼም ሰው ነኝና» ስንል የሚገባው «ሹርሊ» አይደለም፤ ይሄ የትካዜ «መቼም» ነው፣ እንግሊዝኛው ለሱ ሌላ ቃል ይፈልግለት።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር እንሂድ፤ ለእኔ ከሁሉ የባሰችው እሷ ናት። ልትይ የፈለግሽው «በእርግጠኝነት አላውቅም» ነው። አማርኛው ጨዋ ነው፤ «የማውቀው ነገር አለ፣ ግን አላረጋገጥኩም» ይላል። «አላውቅም» ውስጥ ያለችው «አል» «በእርግጠኝነት»ንም ጭምር ታፈርሰዋለች። በእንግሊዝኛ ግን የ«ኖት» ቦታ ሕይወትና ሞት ነው። ቃሉ ከ«ዶንት» በፊት ከመጣ እርግጠኝነቱ አይፈርስም፤ አለማወቅሽ ራሱ የተረጋገጠ ይሆናል። «አይ ሰርተንሊ ዶንት ኖው» ማለት «እኔ ምኑን አውቄው! እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» ነው። የመርከብ ቀን የጠየቀ ደንበኛ ይህን ሲያነብ ይታይሽ። የሚሻለው «አይ ዶንት ኖው ፎር ሰርተን» ነው፤ ከዚያም የሚሻለው «አይ አም ኖት ሹር የት» ብሎ «ከመርከብ ድርጅቱ ጠይቄ ዛሬ ከሰዓት እነግርሃለሁ» ማለት ነው። ያቺ «የት»፣ «ገና» የምትለዋ፣ ሰውን ታረጋጋለች።

ሦስተኛዋ፣ «ሹርሊ ሺፕ» ያልሻት፣ ሰው አታስቀይምም። ግን ባዶ ናት። ስለ ሌላ ሰው ነገር «መቼም» ትያለሽ፤ ስለ ገዛ ሥራሽ «መቼም እንጭናለን» ካልሽ ግን አድማጩ «እንዴ፣ የምትጭነው አንቺ አይደለሽ?» ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። መርካቶ ውስጥ ዋጋ ስትጠይቂ «እናቴ ትሙት በዚህ ነው የገዛሁት» ያለሽን ነጋዴ አስታውሺ። ከመሐላው በፊት ታምኝው ነበር! በንግድ ደብዳቤም የእርግጠኝነት ቃል በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ደንበኛሽ የሚፈልገው ቁጥርና ቀን ነው። «320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ አንድ ኮንቴይነር፣ ከጅቡቲ የሚነሣው ማርች 12» ብለሽ ብትጽፊ አንድም «ሹርሊ» ሳይኖርበት ከማንኛውም መሐላ ይጸናል። ቀኑን ግን በእነሱ አቆጣጠር ጻፊው፤ «መጋቢት» እና «ማርች» በሚጀምሩበት ቀን እንደሚለያዩ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሱ አያውቅም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው በእነዚህ ቃላት መተማመን አቅቷቸው ቁጥር እስከመለጠፍ ደርሰዋል። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ሪፖርቶቹ ውስጥ «ከሞላ ጎደል እርግጥ» የሚለውን አባባል ዕድሉ ከ99 እስከ 100 በመቶ ለሆነ ነገር ብቻ ይጠቀምበታል፤ ተራው «ላይክሊ» ደግሞ ከ66 በመቶ ጀምሮ ላለው ነው። የእኛን «ሳይሆን አይቀርም» ቢያገኙት የት ያስቀምጡት እንደነበር እንጃ። የውጭ ሰው አማርኛ ሲማር የሚወድቅበት ጉድጓድ ደግሞ ይኸው ነው። «ይመጣል፣ አይቀርም» ስንል ቁርጥ ነው፤ «ሳይመጣ አይቀርም» ስንል ግምት ነው። ሁለቱም ውስጥ «አይቀርም» አለ። የተማሪው መዝገበ ቃላት «አይቀርም»ን ሲተረጉም ስንት ሰው ምሳ አብስሎ እንግዳ እንደጠበቀ አስቢው።

የቀሩትን ቃላት እግረ መንገዴን ልንካቸው፣ ነገም ሌላ ደብዳቤ እንዳትጽፊልኝ።

«ሰርተንሊ» ብቻውን መልስ ሆኖ ሲመጣ «እሺ፣ በደስታ» ነው። ደንበኛሽ የመነሻ ሰርተፊኬቱን ኮፒ ላኪልኝ ቢልሽ «ሰርተንሊ» ማለት ትሕትና ነው፤ የእንግዳ ተቀባይ ቃል ነው። እዚህ ቦታ «ሹር»ም ይሆናል፤ እሱ ግን የ«እሺ» ታናሽ ወንድም ነው፣ ለጓደኛ ይበቃል። «ዴፊኒትሊ» የሚመጣው ቀድሞ ጥርጣሬ ከነበረ ነው። «ቡናው የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ?» ተብሎ ክርክር ከነበረና ከመጋዘን ደውለው ካረጋገጡልሽ ያኔ «ዴፊኒትሊ» በይ፤ ሥሩ «ድንበር» ማለት ነው፣ አጥር አጥሮ ይጨርሳል። ስትጽፊው ግን ተጠንቀቂ። መሃሉ ላይ ያለው «ፋይናይት» የሚለው ቃል ነው፤ በሁለተኛው «አይ» ፋንታ «ኤ» የሚያስገቡት አገሬዎቹም ብዙ ናቸው። «ኦፍ ኮርስ» ለግብዣ መልስ ጥሩ ነው፤ «ልቀመጥ?» ላለ ሰው «ኦፍ ኮርስ» ማለት «ምን ጥያቄ አለው፣ ቁጭ በል» ነው። መረጃ ለጠየቀ ሰው ግን ይጎረብጣል። ደንበኛሽ «ጃንዋሪ 7 ቢሮ ዝግ ነው እንዴ?» ቢልሽ «ኦፍ ኮርስ» አትበይው። የኛን ገና ከየት ይወቀው? «የስ፣ ኢት ኢዝ አወር ክሪስማስ» በይና እንኳን አደረሰሽ ይልሻል።

«አብሶሉትሊ» ላይ ግን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። በወጣትነቴ አስተርጓሚ ሳለሁ ከአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጋር አንድ የውጭ እንግዳ ልንቀበል ሄድን። ሽማግሌው እንግሊዝኛ ተምረዋል፣ ሰው እንዲያስተረጉምላቸው አይወዱም። እንግዳው ከእጅ ሰላምታ በኋላ «መንገዱ አደከመዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው «አብሶሉትሊ!» አሉ። «በፍጹም!» ማለታቸው ነው። ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ፤ ስብሰባው ለአንድ ሰዓት ተራዘመ፣ ለእሳቸው ክፍል ተከፈተ፣ ሻይ መጣ፣ ጫማዎን ያውልቁ ተባሉ። እሳቸው ደግሞ እኔን በአማርኛ «ይሄ ሰውዬ ሽማግሌ ነህ እያለ ነው የሚሰድበኝ?» ይሉኛል። መዝገበ ቃላቱ እዚህም አልዋሸም። «አብሶሉትሊ» «በፍጹም» ነው። ግን የኛ «በፍጹም» ብቻውን ሲቆም «አይደለም» ነው፣ የነሱ ብቻውን ሲቆም «አዎ» ነው። ያን ቀን እውነቱን ለሁለቱም አልተናገርኩም። ሽማግሌው ሻዩን ወደውት ነበር።

እንግዲህ ለለንደኑ ሰው ምን ትጽፊለታለሽ? ረጅም ይቅርታ አትጻፊ፤ «ሹርሊን ተሳስቼ ነው» ብለሽ ስለ ሰዋስው ማብራሪያም አትስጪው። ያልተቀየመ ሰው እንኳ ማብራሪያ ሲበዛበት ይቀየማል። እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ ናሙናውን የላክነው በዚህ ቀን ነው፣ የመከታተያ ቁጥሩ ይኸው፣ እኔ ከዚህ እየተከታተልኩ ነው፣ «ፕሊዝ ሌት ሚ ኖው ዌን ኢት አራይቭስ»። «ዌን» ያልኩሽን ልብ በይ፤ «ሲደርስ» ነው። መድረሱ አይቀርም የሚለውን እምነትሽን ይዛለች፣ ማንንም ግን አትከስም። ይህች ቃል ያንቺን «ሹርሊ» ሥራ ሁሉ ያለ እሾህ ትሠራልሻለች። በመጨረሻም ስለ ለንደን ዝናብ አንድ መስመር ጣል አድርጊ፤ እሱ የጀመረው ወግ ስለሆነ አይጠላውም።

አለቃሽን ደግሞ መዝገበ ቃላታቸውን እንደገና እንዲያወጡ ጠይቂያቸውና ከመጀመሪያው ፍቺ በታች ያለውን አብራችሁ አንብቡ። ጥሩ መዝገበ ቃላት ከሆነ ከሥሩ «ተናጋሪው አድማጩ እንዲስማማለት ሲፈልግ» የሚል ነገር አይጠፋውም።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ግን ዛሬውኑ ወደ ፖስታ መልእክተኛው ድርጅት ደውዪ። ሰውዬው «አልደረሰንም» ያለው ስለተቀየመ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ 300 ግራም ቡና እስካሁን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ቁጭ ብሎ ቢሆንስ?